ንፋስን በጎማ ያሰረው የፈረስ ሐኪም

ሐረር ባቡር አልደረሰላትም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ከበደና መስመሩ ቆላውን ተከትሎ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ በደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ሐረር ደጋዋ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ከተማዋ የሚገባውም የሚወጣውም፣ ቡናውም ጫቱም እንግዳውም፣ መጀመሪያ በአጋሰስና በግመል ጀርባ፣ በኋላ ደግሞ በጎማ ላይ ሆነ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ ሰው ሕይወቱን ያስያዘው ለጎማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፈረስ መጋላ ላይ አምስት ደቂቃ ቆም ብላችሁ እዩ። ባጃጁ ይዞራል፣ ሞተር ሳይክሉ በመካከል ሾልኮ ያልፋል፣ ያረጀው ፔጆ ያቃስታል። ሁሉም የቆሙት በጥቁር ጎማ ውስጥ በታሰረ ንፋስ ላይ ነው። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት መሆኑን የጀጎል ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግጥምጥሞሽ ሆኖ፣ ይህን ንፋስ ዓለም እንዲለምደው ያደረገው ሰውም የፈረስ ሐኪም ነበር። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ይባላል። ስሙን ጎማ ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ የሰውየውን ታሪክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሞተር ለሚነዳ ወጣት ደግሞ ከታሪኩ የሚወሰድ ቁም ነገር አለ።

ያለ ጊዜው የተወለደው ልጅ

ደንሎፕ የተወለደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ፣ ድሬጎርን በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ከወራቱ በፊት የተወለደ በመሆኑ ወላጆቹ ይኖራል ብለው አላመኑም ነበር። ደካማ ነህ እየተባለ ስላደገ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲጠብቅ ኖረ። ይኖራል ያልተባለው ልጅ ታዲያ 81 ዓመት ኖረ።

ኤድንብራ ላይ የእንስሳት ሕክምና ተማረ። በአገሩ ለዓመታት ከሠራ በኋላ በ1867 ባሕሩን ተሻግሮ አየርላንድ ገባ። መጀመሪያ ዳውንፓትሪክ በተባለች ከተማ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር የእንስሳት ክሊኒክ ከፈተ፤ ቀጥሎ ወደ ቤልፋስት ተዛወረ። በ1871 ማርጋሬት ስቲቨንሰንን አገባ፣ ልጆችም ወለዱ። በ1880ዎቹ አጋማሽ የቤልፋስቱ ክሊኒክ በአየርላንድ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ሰውየው የተከበረ፣ ጺሙ የረዘመ፣ ዝምተኛ ባለሙያ ነው። ብስክሌተኛ አልነበረም። ስለ ጎማም የሚያስብበት ምክንያት ያለው አይመስልም ነበር።

ግን አስቡት። የፈረስ ሐኪም የሚውለው በድንጋይ መንገድ ላይ ነው። ያኔ የቤልፋስት ጎዳና በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ፣ የጋሪውም መንኮራኩር በብረት የተቀጠቀጠ ነበር። ብረት በድንጋይ ላይ ሲሄድ ጉልበቱ ወደፊት በመሄድ ፋንታ በመዝለልና በመንጫጫት ያልቃል። ያንን የሚከፍለው ፈረሱ ነው። በተጨማሪም ደንሎፕ በሕክምና ሥራው ከላስቲክ ጋር ትውውቅ ነበረው። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው የሚጠብቁት አንድ ምክንያት ብቻ ነበር።

የጓሮው ሙከራ

ምክንያቱ ልጁ ሆነ። የአሥር ዓመት ገደማ የነበረው ጆኒ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበረው። መንኮራኩሩ ጠንካራ ስለሆነ በድንጋዩ መንገድ ላይ ያንገጫግጨዋል፤ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲሽቀዳደም ይቸገራል። አባት በ1887 መከር ላይ ጓሮ ገባ።

ክብ የእንጨት ሰሌዳ ወሰደ። ከስስ የላስቲክ ቅዳጅ ቱቦ ሠራ፣ በሰሌዳው ዙሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ በምስማር መታው፣ ከዚያም በእግር ኳስ መንፊያ ንፋስ ሞላው። አሁን ሁለት መንኮራኩር አለው፤ የብስክሌቱ ጠንካራ መንኮራኩርና ይህ አዲሱ። ሁለቱንም በየተራ በጓሮው ድንጋይ ላይ አንከባለላቸው። ጠንካራው ጥቂት ሄዶ ወደቀ። ንፋስ ያለው ጓሮውን አቋርጦ ከዳር ያለውን በር መትቶ ተመለሰ።

ይህን ቦታ ልብ በሉት። ደንሎፕ ንፋስ ይሻላል ብሎ አልተከራከረም። ሁለቱን በአንድ መሬት ላይ አንከባሎ አየ። የሰውየው ትልቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከታች ስለ ሞተር ሳይክል የምንለውም ሁሉ ከዚህች ጓሮ አይወጣም።

ቀጥሎ የጆኒን ብስክሌት የኋላ እግሮች ንፋስ አለበሳቸው፣ ልጁም ጋልቦ ወደደው። አባትየው በጁላይ 1888 የፈጠራ መብት ጠየቀ፣ በዲሴምበር 7 ቀን 1888 ተሰጠው። በእኛ ኅዳር 1881 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን ሐረርን የሚያስተዳድሩት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የተሾሙት ራስ መኮንን ነበሩ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በዚያው በ1888 ወደ ሐረር ተመልሶ በንግድ ላይ ነበር። በጀጎል በሮች የሚገባው ጭነት በሙሉ በአህያ፣ በበቅሎና በግመል ነው። ያቺ የቤልፋስት ጓሮ የዚህችን ከተማ መንገድ እንደምትቀይር የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

የተሳቀበት ጎማ

አዲሱ ጎማ ወፍራም ነበር፤ ያኔ ከነበሩት ቀጫጭን መንኮራኩሮች አጠገብ ሲታይ ያስቃል። በሜይ 18 ቀን 1889 ቤልፋስት ውስጥ በተደረገ ውድድር ዊሊ ሂዩም የተባለ ብስክሌተኛ ያንን ወፍራም ጎማ ይዞ ቀረበ። ሂዩም የአገሩ ቁንጮ ተወዳዳሪ አልነበረም። ሰው ሳቀበት። ከዚያ የገባባቸውን አራቱንም ውድድሮች አሸነፈ። ጥቂት ቆይቶ እንግሊዝ ተሻግሮ ሊቨርፑል ላይም ያንኑ ደገመው፤ ከአንድ ውድድር በስተቀር ሁሉንም ወሰደ።

ከተሸነፉት መካከል የደብሊኑ ነጋዴ የሃርቬይ ዱ ክሮ ልጆች ይገኙበታል። ዱ ክሮ ንግድ የገባው ሰው ነው፤ ልጆቹን ያሸነፈውን ጎማ ሊገዛ ተነሳ። በዚያው በ1889 ደብሊን ላይ ኩባንያ ተቋቋመ፣ ደንሎፕም የፈጠራ መብቱን ለኩባንያው አስረክቦ ባለ አክሲዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይታጠፋል። መብቱ በተሰጠ በሁለት ዓመቱ ደንሎፕ መብትህ ዋጋ የለውም ተባለ። ለካስ ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን የሚባል ሌላ የስኮትላንድ ሰው፣ በ1845፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ በንፋስ የሚሞላ ጎማ አስመዝግቦ ኖሯል! ቶምሰን ጎማውን በ1847 ለንደን ሬጀንትስ ፓርክ ውስጥ በፈረስ ጋሪ ላይ አሳይቶ ነበር። ግን ብስክሌት ገና አልተስፋፋም፣ ስስ ላስቲክም ውድ ነበር። ሐሳቡ ቀድሞ ተወለደና የሚያሳድገው አጣ። ቶምሰን በ1873 ሞተ፣ ጎማውም ተረሳ። ደንሎፕ ስለ እሱ ሳይሰማ ያንኑ ነገር እንደገና ሠራው፤ ልዩነቱ የደንሎፕ ጎማ የመጣው ዘመናዊው ብስክሌት ከተወለደ በኋላ መሆኑ ነው።

ኩባንያው አልፈረሰም። ዱ ክሮ ሌሎች ሁለት ፈጠራዎችን ገዛ፤ ሁለቱም በ1890 የተመዘገቡ፣ ጎማ ከቸርኬ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚወስኑ ናቸው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ጎማ ዛሬ በቁጥር የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። የደንሎፕ የመጀመሪያው ጎማ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነበር። ሲተነፍስ ለመጠገን ሰዓታት ይፈጃል፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ደግሞ ማደር አለ። ፈረንሳይ ውስጥ የሚሽሊን ወንድማማቾች እንዲህ ያለ ጎማ ሲጠግኑ ተቸግረው በ1891 በቀላሉ ወልቆ የሚገባ የብስክሌት ጎማ አወጡ። ጎማ ወልቆ የሚገባ ነገር ከሆነ ቸርኬና ጎማ መለኪያ ሊኖራቸው ግድ ሆነ። በ1894 ሙኒክ ውስጥ ለሽያጭ በብዛት የተሠራው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ሲወጣም የተጫማው በንፋስ የሚሞላ ጎማ ነበር።

ጎማው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

አቦ፣ ጎማ ጎማ ነው፣ ቸርኬው ላይ ከገባ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው ጎሚስታው ጋ ሄዶ ያለውን ግጠምልኝ የሚለው ለዚህ ነው። እስቲ የሞተራችሁን የፊት ጎማ ጎን እዩት። 2.75-17 የሚል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር፣ እሱም በኢንች። በሌላው አጻጻፍ 70/100-17 ይላል። 70 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ቁመቱ ከስፋቱ 100 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች። ሁለቱ አጻጻፎች ሲሰሉ አንድ ዓይነት መጠን ናቸው ማለት ይቻላል። የባጃጁ 4.00-8 ደግሞ 4 ኢንች ስፋት፣ 8 ኢንች ቸርኬ ነው።

ከዚያ ጎን እንደ 41P ያለ ምልክት አለ። 41 ማለት ጎማው እስከ 145 ኪሎ ይሸከማል፣ ፒ ማለት እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ቀስት ካለ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያሳያል። አራት አሃዝ ቁጥር ካገኛችሁ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት። ሲሸጥ አዲስ የሚመስል ጎማ መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ የኖረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፍጥነት መለኪያው እንምጣ። መለኪያው መንገድ አያውቅም። የሚያውቀው መንኮራኩሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ በ1902 ያስመዘገበው ዘዴ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ እስከ ዛሬ አለ። ከመንኮራኩሩ የሚመጣ ገመድ ማግኔት ያዞራል፣ ማግኔቱ አጠገቡ ያለውን የብረት ቆብ ይጎትታል፣ ቆቡ መርፌውን ይገፋል። ፋብሪካው ይህን ሲያስተካክል የጎማውን ዙሪያ አስቦ ነው። ጎማውን ስትቀይሩ ዙሪያው ይቀየራል፣ መርፌው ግን አልሰማም።

እንቁጠረው። 2.75-17 ጎማ በስሌት ዙሪያው 1 ሜትር ከ79 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 557 ጊዜ ይዞራል። በቦታው 3.00-17 ብትገጥሙ ዙሪያው 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆንና 545 ጊዜ መዞር ይበቃዋል። መለኪያው 60 ሲል እናንተ በእርግጥ 61 አልፋችኋል። ይህ ቀላል ነው። 3.25-17 ከሆነ ግን ልዩነቱ ከ4 በመቶ ያልፋል፤ 60 ሲል ወደ 63 እየተጠጋችሁ ነው። ትንሽ ናት ትሉ ይሆናል። ፍሬን የሚውጠው ጉልበት ግን የሚያድገው በፍጥነቱ እጥፍ በእጥፍ ነው፤ 4 በመቶ ፍጥነት ወደ 9 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይሆናል። የደንገጎን ቁልቁለት ሰው ጭናችሁ ስትወርዱ ይህች 9 በመቶ ከአንዱ መታጠፊያ ታመጣላችሁ ይሆናል።

ትንሽ ጎማ ከገጠማችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መርፌው ከእውነቱ በላይ ያሳያል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ያልሄዳችሁትን ይቆጥራል። ያለቀ ጎማም እንደዚሁ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለቀበት የፊት ጎማ ከአዲሱ ይልቅ 2 በመቶ ሊሞላ ትንሽ በቀረው ያህል ያነሰ ነው።

አንድ ነገር እንለይ። ገመዱ ከፊት እግር የሚነሳ ከሆነ የኋላ ጎማ መቀየር መርፌውን አይነካውም። የሚነካው ሌላ ነገር ነው። ትልቅ የኋላ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም ስለሚሄድ ሞተሩ ከፍ ያለ ማርሽ የገባ ያህል ይከብደዋል። ሜዳ ላይ ደስ ይላል፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ ግን ጉልበት ያጥራችኋል። በዚያ ላይ ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ቅርጹ ይበላሻል፣ ሰንሰለቱን ወይም የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች መለኪያው ከማርሽ ሳጥኑ ወይም ከሌላ ቦታ በሴንሰር ሊያነብ ስለሚችል የእናንተው ከየት እንደሚያነብ ማወቅ ጥሩ ነው።

መለኪያችሁ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ስልካችሁ ይበቃል። ቀጥ ያለ፣ ሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሳትቀያይሩ ንዱ፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የጂፒኤስ ፍጥነት መለኪያ ከፍቶ ያንብብ። ነጂው ስልክ አይንካ! አዲስ መለኪያ ከስልኩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢያሳይ አትደንግጡ። በዓለም አቀፉ ደንብ መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት ስለማይፈቀድለት ፋብሪካዎች ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል። የሚያሰጋው ስልኩ ከመርፌው በላይ ሲያሳይ ነው። ያኔ ጎማችሁን ጠርጥሩ።

የሚሸከመው ንፋሱ ነው

የደንሎፕ ግኝት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጎማው ከረጢት ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ውስጡ ያለው ንፋስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለት ሰው የጫነች ሞተር የኋላ እግሯ ላይ 140 ኪሎ ቢያርፍና ጎማው ወደ 28 ፒኤስአይ ቢሞላ፣ ያ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 2 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል 70 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን አሁን ከያዛችሁት ስልክ ጋር አስተያዩት፤ ከስክሪኑ ሁለት ሦስተኛ ብዙ አይበልጥም። የሁለት ሰው ነፍስ የተንጠለጠለው በዚያች ላይ ነው።

ንፋሱ ሲበዛ ያቺ ቦታ ታንሳለች፣ ጎማውም በኮብልስቶን ላይ እንደ ኳስ ይዘላል፤ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። ንፋሱ ሲያንስ ደግሞ የጎማው ጎን በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፣ መሪው ይዋልላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ይጎብጣል። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ከሆነ በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ከሥሩ ሊቆርጠው ይችላል፤ ያ ደግሞ በአንድ ጊዜ መተንፈስ ነው። የጎደለ ንፋስ ጎማውን ዝቅ ስለሚያደርገው መርፌውንም በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። አደጋው ግን ከመርፌው ሳይሆን ከሙቀቱ ነው።

ታዲያ ስንት ይሞላ? መልሱ ሞተራችሁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ላይ አለ። ለፊት አንድ ቁጥር፣ ለኋላ ብቻችሁን ስትሆኑ አንድ፣ ሰው ስትጭኑ ሌላ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ፒኤስአይ የጎማው የመጨረሻ አቅም ነው እንጂ ለእናንተ ሞተር የታዘዘ ልክ አይደለም። ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ሌላው ልማድ በአውራ ጣት መጫን ነው። ጣት 20ን ከ30 አይለይም። የኪስ መለኪያ ከአንድ ካላማዳሪያ ጋር ሲተያይ ዋጋው የሚያስፈራ አይደለም።

የሐረርና የድሬዳዋ ነጂ ደግሞ ሌላ ሰው የሌለው ጣጣ አለበት፤ በ55 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናት። ሐረር ጠዋት በ15 ዲግሪ 30 ፒኤስአይ የሞላችሁት ጎማ ድሬዳዋ በ32 ዲግሪ ጥላ ሥር ቆሞ ቢለካ፣ ሙቀቱ ወደ ሁለት ተኩል ይጨምራል፣ የቆላው ከባድ አየር ደግሞ አንድ ያህል ይቀንሳል፤ 31 ተኩል ገደማ ታገኛላችሁ። በተቃራኒው ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ 30 ሞልታችሁ ሐረር ብታድሩ፣ ጠዋት በ12 ዲግሪ ወደ 28 ወርዶ ይጠብቃችኋል። ጎማው አልተበሳም፤ አየሩ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በብዛት በምትውሉበት ከተማ ነው። ደንገጎን ወርዳችሁ የጋለ ጎማ ላይ ለክታችሁ በዛ ብላችሁ ንፋስ አታስወጡ፤ ሲቀዘቅዝ የጎደለ ጎማ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄኔ ነው።

ስሙ የቀረው ሰው

ወደ ደንሎፕ እንመለስ። ኩባንያው ሲያድግ እሱ እየራቀ ሄደ። በ1895 ከኩባንያው ወጣ። በዓመቱ፣ በ1896፣ ዱ ክሮ ድርጅቱን በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው፤ የገዛው ሰው ደግሞ ወዲያው በ5 ሚሊዮን ለአክሲዮን ገበያ አቀረበው። ያ ሀብት ለፈረስ ሐኪሙ አልደረሰም። ደብሊን ተቀምጦ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ድርሻ ነበረው፤ ኑሮው ደህና ነበር፣ ከበርቴ ግን አልሆነም። ስሙ በዓለም ዙሪያ ጎማ ላይ ሲታተም እሱ ከጎማ ንግድ ውስጥ አልነበረም።

ጎማው ያመጣው ሁሉ ደግሞ መልካም አይደለም። ብስክሌቱና መኪናው ላስቲክ ሲሻሙ የዓለም የላስቲክ ፍላጎት በድንገት ናረ። የቤልጂግ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዎፖልድ የግል ይዞታው ባደረጋት ኮንጎ ውስጥ የመንደር ሰው ከጫካ ላስቲክ እንዲያመጣ በጠመንጃ ተገደደ፤ ኮታውን ያላሟላ ተገረፈ፣ ተገደለ፣ እጅ ተቆረጠ። ደንሎፕ ይህን አላዘዘም፣ አልሠራምም። ግን የአንድ ልጅ ብስክሌት እንዳይንገጫገጭ የተጀመረ ነገር በሌላ አህጉር የሌሎችን ልጆች እጅ ያስቆረጠ ንግድ መመገቢያ ሆነ። የጎማን ታሪክ የሚናገር አፍሪካዊ ይህን መዝለል የለበትም።

ወደ እኛ አገር መኪና በገዛ ጎማው እየተነዳ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሰው መኪና። ደንሎፕ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። የሞተው ኦክቶበር 23 ቀን 1921 ደብሊን ውስጥ፣ በ81 ዓመቱ ሲሆን የተቀበረው በዚያው ከተማ በዲንስግሬንጅ መካነ መቃብር ነው። ስለ ጎማው የጻፈው ታሪክ ከሞተ በኋላ በ1924 ታተመ። በሰሜን አየርላንድ የባንክ ብር ላይም ሥዕሉ ወጥቷል።

ለእኛ የተወልን ግን ጓሮው ነው። ሁለት መንኮራኩር ወስዶ፣ አንዱ መሬት ላይ አንከባሎ፣ የትኛው እንደሚሻል በዓይኑ አየ። ይህን ማንኛውም የሐረር ልጅ ዛሬ ማታ ማድረግ ይችላል። የፊት ጎማችሁን ንፋስ በልኩ ሙሉ። ከታች መሬት በሚነካበት ቦታ ጎማውም መሬቱም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሞተሯ ላይ ሰው ይቀመጥና ቀጥ አድርጋችሁ ግፏት፣ ምልክቱ አንድ ዙር ዞሮ መሬት ሲነካ እንደገና አስምሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን በሜትር ለኩና ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ጎማ በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት። ቁጥሩ ከበፊቱ በአንድ ሜትር ከአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለየ መርፌያችሁ ከእንግዲህ የሚናገረው ስለ ድሮው ጎማ ነው፤ ለመርፌው ሳይሆን ለለካችሁት እመኑ።